የዓምደኛው «እኛ»፦ ስለ ካልጋሪ ጋዜጦችና ስለ ሙስሊሙ ቃል አቀባይ

(ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ፣ ምግብ ከሚሸጥበት ክፍል፣ አንድ የወሎ ሰው ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ከመሰማራታቸው በፊት ቡና ይጠጣሉ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን። ባለፈው ክረምት፣ ማለቴ በዚህ አገር ክረምት፣ በረዶው በ36ኛው ጎዳና ዳር እንደ ግንብ በተቆለለበት ሰሞን፣ አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የተቆረጡ የጋዜጣ ገጾች ነበሩ፤ ከፊሉ ወይቧል፣ ከፊሉ ታጥፎ ታጥፎ በመታጠፊያው ተቀዷል። ሐጂ ከ2001 መስከረም ወዲህ «እስላም» ወይም «ሙስሊም» የሚል ቃል በርእስ ላይ ባዩ ቁጥር እየቆረጡ አስቀምጠዋል። እንግሊዝኛቸው አድራሻ ለመጠየቅና ሒሳብ ለመቀበል ይበቃል፤ ለጋዜጣ ሐተታ ግን አይደርስም። ልጆቻቸው ደግሞ ጊዜ የላቸውም። «አንተ ተማሪ ነህ፤ አንብብና ስለ እኛ ምን እንደሚሉ ንገረኝ» አሉኝ።

ሦስት ከሰዓት ተቀምጠን አነበብሁላቸው። አንዳንዱን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ አንዳንዱን «ተወው፣ ቀጥል» ይላሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ይኼ ሁሉ ሰው ስለ እኛ ይናገራል። ለመሆኑ ማን ወከለው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ መጣጥፍ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው።

ሰንሪጅን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ከሌላ አገር የመጣ ሠርቶ አደር የሰፈረበት የከተማ ክፍል ነው። በ1985 የተከፈተው የባቡር መስመር በ36ኛው ጎዳና መካከል ያልፋል፤ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራው የፒተር ላውሂድ ሆስፒታል ከገበያው አጠገብ ነው፤ ወደ ሰሜን ጥቂት አለፍ ሲሉ በ37ኛው ጎዳና ላይ የአክረም ጁማ እስላማዊ ማዕከል ይገኛል። ዓርብ ቀን ከዚያ የሚወጣውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው «የሙስሊሙ ማኅበረሰብ» የሚለው ነጠላ ስም ምን ያህል ልብስ እንዳጠበበው ይረዳል። ሊባኖሳዊ አለ፣ ፓኪስታናዊ አለ፣ ሶማሌ አለ፤ የሐረር፣ የጅማና የወሎ ሰው አለ። የቋንቋቸውን ብዛት ትተን ሐሳባቸው እንኳ በጨረቃ መታየት ላይ አንድ አይሆንም። ጋዜጣው ግን ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ አፍ ይፈልግለታል።

በእኛ ቋንቋ ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ሰው አንድ ስም ብቻ አልነበረውም። ባለጉዳዩ ራሱ ወክሎት በችሎት የሚቆምለት ነገረ ፈጅ ነበረ፤ ቢያጠፋ ውክልናውን የሚያነሣበት ያው ባለጉዳዩ ነው። አፈ ንጉሥ ደግሞ ነበረ፤ እርሱ የንጉሥ አፍ ነውና የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሡ ነው፤ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ በሹመቱ ላይ ቃል የለውም። ከዚህ ተነሥቼ ስመዝነው፣ ስለ ሙስሊሙ በጋዜጣ የሚናገር ዓምደኛ ነገረ ፈጅ መስሎ የሚቀርብ አፈ ንጉሥ ሆኖ አገኘዋለሁ። በሕዝቡ ስም ይናገራል፤ ዓምዱን የሰጠውና የሚነጥቀው ግን የጋዜጣው ባለቤት ነው።

የባለቤቱን ነገር አለማንሣት ደግሞ ሂስን የዋህ ያደርገዋል። ካልጋሪ ሄራልድ በ1883 የተመሠረተ፣ ከከተማዋ ጋር ያደገ ጋዜጣ ነው። ካልጋሪ ሰን በ1980 ወጣ፤ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ትልቅ ፎቶግራፍ፣ ቁጡ ዓምደኛ የሰን ጠባይ ነው። ሄራልድ በኮንራድ ብላክ ኩባንያ እጅ ሳለ ጋዜጠኞቹ በ1999 ኅዳር የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ስምንት ወር ያህል በብርድ ከቆዩ በኋላ አድማው በ2000 ክረምት ተሸነፈ፤ ማኅበራቸውም አብሮ ፈረሰ። በ2015 ፖስትሚዲያ የተባለው የሄራልድ ባለቤት የሰን ጋዜጦችን ገዛ፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ የሁለቱ ጋዜጦች የዝግጅት ክፍሎች ተዋሐዱ። እንግዲህ የሐጂ ከረጢት ሁለት የተለያዩ ጋዜጦች ይዟል ብንልም፣ ካለፉት ዓመታት ወዲህ የተቆረጠው ሁሉ የአንድ ጌታ ንብረት ነው። አፈ ንጉሦቹ ብዙ ናቸው፤ ንጉሡ አንድ።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ። ዓምደኛን የማነበው በሚያነሣው ነገር ብቻ ሳይሆን በተውላጠ ስሙም ጭምር ነው። «እነሱ» የሚለው ዓምደኛ ቀላል ነው፤ ማንነቱን አይደብቅም። አስቸጋሪው «እኛ» የሚለው ነው። «እኛ ሙስሊሞች ይህን እናወግዛለን» የሚል ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ነገር ግን ይህን ዓረፍተ ነገር የወለደው ጥያቄ ከገጹ ላይ የለም። ጥያቄው የአዘጋጁ ነው፤ ከጽሑፉ በፊት በስልክ ቀርቦ አልቋል፦ «ስለዚህ ጥቃት የናንተ ሰዎች ምን ይላሉ?» የሚል። ዓምደኛው ሲያወግዝ አንባቢው የሚያየው መልሱን ብቻ ስለሆነ፣ ማኅበረሰቡ ሳይጠየቅ ራሱን ሲከላከል የሚገኝ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ወንጀል ጋር ቅርበት ያለው ይመስለዋል። የሚያወግዘው ሰው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ቅን ነው። ቅንነቱ ግን የዓረፍተ ነገሩን አሠራር አይለውጠውም።

የካልጋሪው ኢማም ሰይድ ሶሐርዋርዲ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የተሟላ ምሳሌ ነው። የካናዳ እስላማዊ ከፍተኛ ምክር ቤት የሚባለውን ድርጅት የመሠረቱ፣ ሽብርን የሚቃወም የሙስሊሞች ማኅበርም ያቋቋሙ፣ በጋዜጣና በቴሌቪዥን እጅግ የታወቁ ሰው ናቸው። በ2006 የካቲት ወር፣ ቀድሞ በካልጋሪ ሰን ዓምድ ይጽፍ የነበረው ኤዝራ ሌቫንት ዌስተርን ስታንዳርድ በሚባለው መጽሔቱ የዴንማርክን የፌዝ ሥዕሎች አትሞ አወጣ። ሶሐርዋርዲ ለአልበርታ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤት አሉ። ነገሩ ሁለት ዓመት ተጎተተ። በ2008 ጥር ሌቫንት በኮሚሽኑ መርማሪ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ ራሱን በፊልም ቀርጾ ለዓለም አሳየ። በሚቀጥለው ወር ሶሐርዋርዲ አቤቱታቸውን አነሡ፤ ያነሡበትንም ምክንያት ግሎብ ኤንድ ሜይል በተባለው ጋዜጣ ላይ ጻፉ። ከኤድመንተን የቀረበው ተመሳሳይ አቤቱታ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውድቅ ሆነ። ሌቫንት በ2009 ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ አሳተመ። እንዲህ ያለ አቤቱታ ይስተናገድበት የነበረውን የፌዴራል ሕግ አንቀጽ ደግሞ ፓርላማው በ2013 ሻረው።

በዚህ ሙግት ማን ትክክል እንደነበረ ለመፍረድ አልተነሣሁም፤ የመናገርን ነፃነት ተነፍጎ የተሰደደ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ በቀላሉ ከሳሽ ሊሆን አይችልም፤ የተሳደበም ሁሉ ጀግና አይሆንለትም። የምለው ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ተፋጠጡ፤ ሁለቱም ጸሐፊዎች ናቸው፤ ሁለቱም የጋዜጣን ጠባይ ያውቃሉ። አንዱ የተሰደበውን ሙስሊም ሁሉ፣ ሌላው የታፈነውን ዜጋ ሁሉ ወክሎ ቆመ። ሐጂ ያን ጊዜ ምን ያደርጉ እንደነበረ ጠየቅኋቸው። «ሌሊት እነዳ ነበር። ተሳፋሪዎች ስለ ሥዕሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ሥዕሉን አላየሁትም አልኋቸው፤ አላመኑኝም» አሉ። የሙግቱ ወጪ በማን ላይ እንደወደቀ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጽሑፍ በከረጢቱ ውስጥ አላገኘሁም። ለፍትሕ ሲባል ግን አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ሶሐርዋርዲ አቤቱታቸውን ሲያነሡ የጻፉት ከቀድሞው ሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ሐሳቡን የለወጠ ሰው «እኔ» ማለት ይገደዳልና።

በዚያው በ2008 ሐምሌ፣ ከሰንሪጅ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በካስልሪጅ ሰፈር የአሕመዲያ ማኅበር የሠራው በይቱን ኑር መስጊድ ተመረቀ። በካናዳ ትልቁ መስጊድ ተባለ። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በምረቃው ተገኝተው፣ በዚህ መስጊድና በሚሰግዱበት ሰዎች የእስልምና ለዘብተኛና ቸር ገጽታ ይታያል የሚል ንግግር አደረጉ። አሕመዲዎች በፓኪስታን በ1974 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ «ሙስሊም አይደሉም» የተባሉ፣ ከዚያ ወዲህም ብዙ የተሰቃዩ ሰዎች ናቸው፤ ለእነርሱ ያ ቀን ክብር ነበረ፤ ክብራቸውንም አልነካም። ግን የመንግሥት መሪና ጋዜጦች ተባብረው ለአንድ ሃይማኖት «ገጽታ» ሲመርጡ፣ ከመንገዱ ማዶ በ37ኛው ጎዳና የሚሰግደው ሰው ስለ ገጽታው አልተጠየቀም።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲያነብ አንድ ነገር ማስታወሱ አይቀርም። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «ለዘብተኛ» ያለውን የአሕባሽ ትምህርት በመጅሊሱ በኩል በሙስሊሙ ላይ ሊያሰፋ ሞከረ። የዚህ ትምህርት መሥራች ሼኽ አብደላ አል ሐረሪ የሐረር ተወላጅ ነበሩ፤ በቤይሩት ኖረው በ2008 እዚያው አረፉ። ትምህርቱ እንግዳ አልነበረም ማለት ነው፤ እንግዳው የመጣበት መንገድ ነበረ። የካልጋሪ አሕመዲዎች ማንንም አላስገደዱም፣ መስጊዳቸውን በገንዘባቸው ሠሩ፤ ስለዚህ ሁለቱን ነገር አንድ ማድረግ በደል ነው። የሚመሳሰለው የባለሥልጣኑ ልማድ ነው፦ የሚመቸውን ፊት መርጦ «ይኼ ነው የናንተ ፊት» ማለት።

ከቶሮንቶ የሚመጡትን ዓምደኞች ባጭሩ ልለፋቸው፤ ከሰንሪጅ ርቀው ስለሚጽፉ ነው እንጂ ስለሚያንሱ አይደለም። ሐሩን ሲዲቂ በ1967 ከሕንድ መጥተው፣ በብራንደን ሰን አሥር ዓመት ያህል ሠርተው፣ ወደ ቶሮንቶ ስታር ተሻግረው የርእሰ አንቀጽ ክፍል ኃላፊና ዓምደኛ ሆኑ። በ2023 ያሳተሙት ትዝታ ርእሱ «ስሜ ሐሪ አይደለም» የሚል ነው። ስደተኛ ሆኖ ስሙ ያልተቆረጠበት ማን አለ? ሺማ ካን በሙያዋ የኬሚካል ፊዚክስ ምሁር ናት፤ ከ2002 ጀምሮ በግሎብ ኤንድ ሜይል ስትጽፍ ስለ ሒጃብም ስለ በረዶ ላይ ሆኪም በአንድ ትንፋሽ ታነሣለች፤ «እኔ» ስትል ሴትዮዋ ትታያለች። ታሬክ ፋታሕ የካራቺ ተወላጅ፣ የቶሮንቶ ሰን ዓምደኛ፣ በ2001 የሙስሊም ካናዳውያን ኮንግረስ መሥራች ነበረ፤ በ2023 ሚያዝያ ሞተ። የመስጊድ መሪዎችን ሲነቅፍ ኖረ። የመንቀፍ መብቱን የሚነፍገው ካለ እኔ ከታሬክ ጎን ነኝ። የምከሰው ጋዜጣውን ነው፤ ወገኑን የሚነቅፈውን ሙስሊም ቋሚ ዓምድ ሰጥቶ፣ ወገኑ ስለ ኪራይና ስለ ደመወዝ የሚናገርበትን ለአንባቢያን ደብዳቤ ያስቀራል። ጋዜጣ የሚወደው የውስጥ ተቃዋሚ የሌላውን ቤት ተቃዋሚ ነው።

አሁን ወደ ናሂድ ነንሺ እመጣለሁ፤ የሐጂ ከረጢት ያስተማረኝ ትልቁ ነገር በዚህ ሰው ላይ ነው።

ነንሺ ከታንዛንያ የመጡ እስማኢሊ ወላጆች ልጅ ነው፤ ያደገውም በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ነው። በሃርቫርድ ተምሮ ተመልሶ በማውንት ሮያል ያስተምር ነበር፤ በካልጋሪ ሄራልድ ላይም የከተማን ጉዳይ የሚመለከት ዓምድ ይጽፍ ነበር። ከተማ ማለት በቀጥታ ትርጉሙ፦ አውቶቡስ፣ ግብር፣ የሰፈሮች ያለ ቅጥ መስፋፋት፣ ምክር ቤቱ የሚያባክነው ጊዜ። ዓምዱ የሙስሊም ዓምድ አልነበረም። በ2010 ጥቅምት ለከንቲባነት ሲወዳደር «ፖለቲካ በሙሉ ዓረፍተ ነገር» የሚል መፈክር ያዘ፤ ለአንድ ሂሰኛ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት መፈክር የለም። አሸነፈ። በማግሥቱ የሩቅ ጋዜጦች ሁሉ «በሰሜን አሜሪካ የትልቅ ከተማ የመጀመሪያው ሙስሊም ከንቲባ» ብለው ጻፉ። ካልጋሪዎች ለዓመታት ስለ አውቶቡስ ሲጽፍ ያነበቡት ሰው በአንድ ሌሊት የአንድ ቢሊዮን ሰው ቃል አቀባይ ሆነ። በ2015 ምርጫ ሰሞን የኒቃብ ክርክር ሲነሣም ዝም አላለም፤ ግን የተናገረው ከንቲባ ሆኖ እንጂ ሙፍቲ ሆኖ አልነበረም። እስከ 2021 ከተማይቱን መርቶ፣ በ2024 የአልበርታ ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ሆኖ ተመረጠ።

በሐጂ ከረጢት ውስጥ «እስላም» የሚል ቃል በርእሱም በውስጡም የሌለበት አንድ ቁራጭ ብቻ አገኘሁ። በ2014 በአውሮፕላን ማረፊያው አዲስ መንደርደሪያ ሥር ስለተከፈተው የመኪና መተላለፊያ የሚናገር ነበር። መተላለፊያው የሰሜን ምሥራቅን ሰፈሮች ከማረፊያው ጋር በአጭሩ ያገናኘ፣ ነንሺም በ2010 ምርጫ የተሟገተለት ነው። በስሕተት የገባ መስሎኝ ወደ ጎን አስቀመጥሁት። ሐጂ አንሥተው መለሱት። «ይኼ ነው ስለ እኛ» አሉኝ። «ሰውየው በሃይማኖት ከኔ ጋር አይገጥምም፤ እሱ በአጋ ኻን ይመራል፣ እኔ የሻፊዒ ነኝ። ግን ይኼ መንገድ በየቀኑ ጊዜና ቤንዚን ይቆጥብልኛል። ይኼን ስላሰበ ስለኔ አስቧል።»

ይህ የአንድ ሽማግሌ አስተያየት ነው፤ ከዚያ በላይ አድርጌ ባቀርበው የምነቅፈውን ሥራ ራሴ እሠራለሁ። ግን ጽሑፎቹን በዚህ ዓይን መልሼ ባያቸው ጊዜ ብዙ ነገር ቦታውን ለወጠ። በ2020 ሰኔ 13 የወረደው በረዶ የሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪን ጣሪያና ግድግዳ ወንፊት አደረገው፤ መድን የከፈለው ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረ፤ መድኑ ላልበቃው ባለቤት ግን ክፍለ ሀገሩ፣ በረዶ መድን የሚገባለት አደጋ ነው ብሎ እጁን ሰበሰበ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በሃይ ሪቨር የሚገኘው የካርጊል የሥጋ ፋብሪካ ከሁለት ሺህ ያህል ሠራተኞቹ ከዘጠኝ መቶ በላይ በኮቪድ ተያዙ፤ ብዙዎቹ ከዚህ ከሰሜን ምሥራቅ በአንድ መኪና ተጫጭነው የሚሄዱ ስደተኞች ነበሩ። ፊሊፒናዊው ክርስቲያንና ሶማሌው ሙስሊም በአንድ የሥጋ ገመድ ዳር ትከሻ ለትከሻ ቆመው ነበር። ሙስሊሙ ስለ ራሱ የሚናገረው በዚህ ጊዜ ነበረ፤ የሚናገረውም ከሌላው ሠራተኛ ጋር አንድ ነገር ነበረ። ሐጂ ከዚያ ዓመት የቆረጡት ገጽ የለም። በርእሱ ላይ «እስላም» አላዩማ።

ከዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ፤ የተውላጠ ስም ሙግት በእኛ ዘንድ ከካልጋሪ ይልቅ የቆየና የመረረ ነው።

በአፄው ዘመን በጋዜጣም በንግግርም የተለመደው አባባል «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበረ። ሰውዬው እንደ ተከራይ ይኖራል እንጂ ኢትዮጵያዊ አይባልም። «እስላም» የሚለው ራሱ የሃይማኖቱ ስም ሆኖ ሳለ ለሰውዬውም ይሰጥ ነበር፤ ክርስቲያኑን «ክርስትና» ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ መቶ ሺህ ያህል የተገመተ ሕዝብ ወጥቶ የሃይማኖት እኩልነት ሲጠይቅ፣ በጥያቄው ውስጥ በዓላቱ እንዲከበሩና ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ከሚለው ጋር ስሙ እንዲታረም የሚል ነበረበት፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» በሉን የሚል። አንድ መስተዋድድና አንድ ግስ እንዲነሣላቸው መቶ ሺህ ሰው ተሰለፈ። በየትኛውም አገር ለሰዋስው እንዲህ ያለ ሰልፍ መደረጉን አልሰማሁም። ሐጂ ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በመርካቶ የአጎታቸው ሱቅ ረዳት ነበሩ፤ ተሰልፈዋል። ክርስቲያኖችና ተማሪዎች አብረዋቸው እንደሄዱም ያስታውሳሉ። ደርግ በዓላቱን የሕዝብ በዓላት አደረጋቸው፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት እስኪያገኝ ግን እስከ 2012 ዓ.ም. መቆየት ነበረበት።

ሁለተኛው ታሪክ ስሙ ራሱ «ድምፃችን ይሰማ» ነው። በ2004 ዓ.ም. ጥር በአወሊያ የተጀመረው ተቃውሞ አሥራ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መረጠ፤ ለኮሚቴውም የሕዝብ ፊርማ ተሰበሰበለት። ሐጂ «ማን ወከለው?» ብለው የጠየቁትን ጥያቄ እነዚህ ሰዎች አስቀድመው መልሰውት ነበር። በየሙስሊሞች ጉዳይ መጽሔት ይጽፍ የነበረው አሕመዲን ጀበል የኮሚቴው ቃል አቀባይ ሆነ፤ ጸሐፊነትና ውክልና በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ። መንግሥት ይህን ሊታገሥ አልቻለም። የመጽሔቱ አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ ታሰረ፤ ሰለሞን ከበደ በ2005 ዓ.ም. ጥር ተከተለው። በዚያው ሰሞን፣ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ሳለ፣ የመንግሥት ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚል ፊልም አሳየ። ተወካዮቹ ወህኒ ተዘግቶባቸው ሳለ ስለ እነርሱ ሌላው ተናገረ። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ 27 ቀን አሕመዲን፣ አቡበከር አሕመድ፣ ያሲን ኑሩና ካሚል ሸምሱ እያንዳንዳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። አሕመዲን በ2010 ዓ.ም. የካቲት ተፈታ።

ሁለቱን ገበታ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚከነክነኝ ይህ ነው። በካልጋሪ ማንም ያልወከለው ዓምደኛ ዓምድ ያገኛል፤ በአዲስ አበባ በፊርማ የተወከለው ጸሐፊ ወህኒ አገኘ። የካልጋሪው ነፃነት ከወህኒው ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም፤ የተሻለ ባይሆን እዚህ ምን አመጣን? ነገር ግን ነፃው ጋዜጣ ያንን ነፃነት ይዞ ወደ 37ኛው ጎዳና ወርዶ አለመጠየቁ ያሳፍራል እንጂ አያስመካም።

እኛስ? በዚህ መጽሔት ላይ የምንጽፍ ሰዎች «ሰፊው ሕዝብ» ብለን ስንጀምር ማን ወክሎናል? ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ኅዳር በተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያዊነት የአንድ ወገን ቋንቋና ሃይማኖት ጭምብል እንደተደረገበት በድፍረት አንሥቷል፤ እርሱም የወሎ ልጅ ነበረ፣ እርሱንም ያነበበው ተማሪ እንጂ የወሎ ገበሬ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የተሰደድን ሁሉ ያንን «እኛ» ወርሰን በየአገሩ ይዘነው ዞርን። ስለ ሙስሊሙ ወገናችን የምንጽፈው በአብዛኛው ወይ የመቻቻል ምስጋና ነው፣ ወይ የጭቆና ሐዘን ነው። በመካከል ያለው ሰው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ከልጁ ጋር በቋንቋ የማይግባባው፣ ጋዜጣ የሚቆርጠው፣ በገጻችን ላይ ስም የለውም። ይህን ስል ራሴን ከነቀፋው አላወጣም፤ ሐጂን ለብዙ ጊዜ አውቃቸዋለሁ፤ ከረጢት ይዘው እስኪመጡ ድረስ ስለ ምንም ነገር አስተያየታቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም።

መጣጥፉን ከመላኬ በፊት ረቂቁን ሰንሪጅ ወስጄ አነበብሁላቸው። ታሬክ ፋታሕን የነካሁበት ቦታ «ለሞተ ሰው ቀስ በል» አሉኝ፤ ትንሽ አለሳልሼዋለሁ። ስለ ነንሺ ያሉት እንዳለ እንዲቀር ፈቀዱ። ከዚያ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «የሰንሪጅ ሐበሻ ሙስሊሞች በእነዚህ ጋዜጦች እጅግ አዝነዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበርና እዚያ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ማን ነገረህ?» አሉ። «እኔ አላዘንሁም። ገርሞኝ ነው። የሌላውን ሄደህ ጠይቀው።»

ዓረፍተ ነገሩን ሰርዣለሁ።